መስፈር ሌላ፣ መመዘን ሌላ
የጓዳ ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሹ ያው አንድ ጥያቄ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። "ይሄ ካፕ ስንት ግራም ነው?" የሚል አለ፣ "በብርጭቆ ለክቼ ጉድ ሆንኩ" የሚል አለ፣ "እናቴ የምትለካው በሲኒ ነው፣ ምን ይሻለኛል?" የሚልም አለ። ስለዚህ የጎመኑንና የፍሪጁን ጥያቄ ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ ዛሬ ስለ ልክ ብቻ እናውራ። አማርኛችን ነገሩን ድሮ የጨረሰው ይመስለኛል። መስፈር የሚባል ቃል አለን፣ መመዘን የሚባል ቃል አለን። ጤፍ በቁና ይሰፈራል፣ ቡና በሚዛን ይመዘናል፣ ማንም አያምታታውም። ጣጣው የሚመጣው ሁለቱን "መለካት" ውስጥ ጠቅልለን ስንከታቸው ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ አዲስ አበባ ናት፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። የዶሮ ወጧን አሰራር በስልክ አስነግሬ ጻፍኩ። "በርበሬ 3 ሲኒ፣ ቅቤ 2 ሲኒ፣ ሽንኩርት 15 ፍሬ" ይላል። ሲኒዬን በውሃ ስለካው 80 ሚሊ ሊትር ይይዛል። 3 ሲኒ 240 ሚሊ ሊትር ነው፣ ያ ደግሞ አንድ ካፕ ማለት ነው። ኢንተርኔት ላይ "1 ካፕ 240 ግራም ነው" የሚል አገኘሁና 240 ግራም በርበሬ መዝኜ ጨመርኩ። ባለቤቴ ሁለት ጉርሻ በልቶ ወተት ጠየቀ። ሽንኩርቱም 15 ሊደርስ ቀርቶ ስድስተኛው ላይ ድስቱ ሞላ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? እናቴ በሚቀጥለው ወር ልታርሰኝ ትመጣለች። እሷ እያለች በትክክል መጻፍ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ በቅድሚያ በሽልም ያውጣሽ። ሲኒሽን በውሃ መለካትሽ ጎበዝ ነሽ፣ ብዙ ሰው እዚያም አይደርስም። የተሳሳትሽው ከዚያ ቀጥሎ ነው። "1 ካፕ 240 ግራም" የሚባለው ለውሃ ብቻ ነው። አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ስለሚመዝን ለውሃ ሁለቱ ቁጥሮች ይገጥማሉ፣ ለሌላው ግን እንዲህ እኩል አይመጡም። በርበሬ ዱቄት ነው፤ በቅንጣቶቹ መሃል አየር አለ። አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ሳይከመር ጠርዙ ላይ ተላጭቶ፣ ከ7 እስከ 8 ግራም ነው። አንድ ካፕ ውስጥ 16 የሾርባ ማንኪያ አለ። ስለዚህ የእናትሽ 3 ሲኒ ከ110 እስከ 130 ግራም ቢሆን ነው፣ አንቺ እጥፉን ጨምረሻል። ባልሽ ወተት ብቻ ጠይቆ ማለፉ ራሱ ጨዋነት ነው።

ቅቤው ደግሞ ቀልጦ ከተሰፈረ 2 ሲኒ 145 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ቅባት ከውሃ ይቀላልና። ግን እናትሽን ጠይቂያት፣ ቀልጦ ነው ወይስ ረግቶ? የረጋ ቅቤ በማንኪያ እየተጠቀጠቀ ሲኒ ውስጥ ሲገባ ሥር ሥሩን ክፍተት ይተዋል፣ አንዳንዷ ደግሞ ከሲኒው አፍ በላይ ትከምረዋለች። ስሙ ያው "አንድ ሲኒ" ነው። ሽንኩርትን በፍሬ መጻፍ ይቅር። አዲስ አበባ የምትገዢው ቀይ ሽንኩርት ትናንሽ ነው፣ አንዱ 70 ወይም 80 ግራም ቢመዝን ነው፤ እዚያ አሜሪካ ሱፐርማርኬት ያለው ግን 300 ግራም የሚደርስ አለበት። የእናትሽ 15 ፍሬ ከአንድ ኪሎ ብዙም አያልፍም ማለት ነው። አንቺ ስድስቱን ከትፈሽ ያንን ሳታልፊው አልቀረሽም።

አሁን ስትመጣ ምን ታደርጊያለሽ ለሚለው። እናቶችን "ቆይ ልመዝነው" ብሎ ማስቆም አይቻልም፣ ሞክሬው አውቃለሁ፣ እጃቸው ይበላሻል፣ ይናደዳሉም። የሚሻለው ይሄ ነው። ሚዛኑን ምድጃው አጠገብ አስቀምጪ፣ የበርበሬውን ዕቃ ከነበርበሬው ላዩ ላይ አድርጊው፣ ከዚያ ዜሮ የሚያደርገውን ቁልፍ ተጫኚ። እሷ በለመደችው ማንኪያ፣ በለመደችው አከማመር ትውሰድ። ሚዛኑ ላይ የቀነስ ምልክት ያለበት ቁጥር ይወጣል፤ 118 ካለ 118 ግራም ወስዳለች ማለት ነው። ጻፊውና እንደገና ዜሮ አድርጊው። ወጥ ሲሰራ በርበሬ ሁለት ሶስት ጊዜ ይታከላልና ሁሉንም ደምሪ። ቅቤውንም፣ ጨውንም፣ ኮረሪማውንም እንዲሁ። እሷ ምንም የተለየ ነገር አታደርግም፣ የምትመዝኚው ከዕቃው የጎደለውን ነው። የእኔን እናት አልጫ ወጥ በዚህ መንገድ ነው የያዝኩት፣ እስካሁንም ሚዛኑ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ አልጠየቀችኝም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። የአሜሪካን ኬክ አሰራር ከዩቲዩብ አይቼ ሞከርኩ። 2 ካፕ ዱቄት፣ 1 ካፕ ስኳር፣ ግማሽ ካፕ ቅቤ፣ 1 ካፕ ወተት፣ 2 እንቁላል፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይላል። ካፕ ስለሌለኝ ሁሉንም በሻይ ብርጭቆ ለካሁ። ጓደኛዬ "በአንድ ዕቃ እስከለካሽው ድረስ ችግር የለውም" ብላኝ ነበር። ኬኩ ተነፍቶ ተነፍቶ መጨረሻ ላይ መሃሉ ስርጉድ አለ።

መልስ፦ ጓደኛሽ ግማሽ ልክ ናት። ሁሉም ነገር በአንድ ዕቃ ከተሰፈረ ምጣኔው አይዛባም፣ ኬኩ ትንሽ ይሆናል እንጂ። ግን እስኪ አሰራሩን እንደገና አንብቢው። እንቁላሉ በፍሬ ነው። ቤኪንግ ፓውደሩ በማንኪያ ነው። ዱቄቱ፣ ስኳሩ፣ ቅቤውና ወተቱ በብርጭቆሽ መጠን ሲያንሱ እነዚህ ሁለቱ ባሉበት ቀሩ። ስለዚህ ለዱቄቱ የበዛ እንቁላልና የበዛ ቤኪንግ ፓውደር ገባበት። የበዛ ቤኪንግ ፓውደር ኬኩን ቶሎ ይነፋዋል፣ ዱቄቱ ሳይጠነክርለት በፊት ደግሞ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ያየሽው ነው።

ብርጭቆሽ ስንት እንደሚይዝ ለማወቅ ሚዛን እንኳን አያስፈልግም። አንድ ያልተከፈተ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ግዢ። ብርጭቆውን እየሞላሽ ቁጠሪ። ልክ ሶስት ጊዜ ሞልቶ ካለቀ ብርጭቆሽ 166 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ብርጭቆ ተኩል 250 ይሆናል፣ ያ ደግሞ ለአንድ ካፕ በጣም ቅርብ ነው። 2 ካፕ ሲልሽ 3 ብርጭቆ ትይዢያለሽ፣ አለቀ። ብርጭቆው በተለዋወጠ ቁጥር ግን እንደገና ለኪው፣ የሻይ ብርጭቆ ሁሉ እኩል አይደለም።

ከፍታውንም አትርሺ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ወደ 2,355 ሜትር ላይ ናት፣ ያ የዩቲዩብ ኬክ ደግሞ ዝቅ ያለ አገር የተሰራ ሳይሆን አይቀርም። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ የሚጫነው ስለሚቀንስ ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ የበለጠ ይነፋል። ከእያንዳንዱ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሩቡን ቀንሺና ሞክሪ። እንቁላሉ ደግሞ የአሜሪካው ትልቁ እንቁላል ቅርፊቱ ወጥቶ 50 ግራም ገደማ ነው። የሐበሻ እንቁላል ከሆነ የያዝሽው ከዚያ ያንሳል፣ በሁለት ፈንታ ሶስት ሊያስፈልግሽ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ፣ ምክንያቱም ዋናው ተንኮለኛ እሱ ነው። ዱቄት። ሚዛን የገዛሁ ሰሞን አንዱን ካፕ ሶስት ጊዜ በፉርኖ ዱቄት ሞልቼ መዘንኩ። በማንኪያ ቀስ እያልኩ ሞልቼ በቢላ ጀርባ ስላጨው 121 ግራም ሆነ። ካፑን ራሱን ዱቄቱ ውስጥ ሰክቼ ሳወጣው 147። ሰክቼ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ጠብ አድርጌ እንደገና ስሞላው 158። አንድ ካፕ፣ አንድ ዱቄት፣ አንድ ሰው፣ አንድ ከሰዓት። በሁለት ካፕ ላይ ልዩነቱ ከ70 ግራም ያልፋል፣ ለስላሳ ኬክና ደረቅ ዳቦ የሚለየው ይሄ ነው። ወተት ወይም ዘይት ቢሆን እንዲህ አያታልልም፣ ፈሳሽ ነገር አይጠቀጠቅም። ስኳርም እምብዛም አይዋዥቅም፣ ቅንጣቱ ጠንካራ ስለሆነ።

ካፕ ራሱ አገር አለው። የአሜሪካው 237 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፣ ለቀላልነት 240 እንለዋለን። የአውስትራሊያው 250 ነው፣ የጃፓኑ 200። የአውስትራሊያ የሾርባ ማንኪያ 20 ሚሊ ሊትር ሲሆን የሌላው አገር 15 ነው፣ ስለዚህ ቪዲዮውን የሰራው ሰው የት አገር እንደሆነ ማየት አይከፋም። አሜሪካኖቹ በካፕ ሙጭጭ ያሉት ለምን እንደሆነ ለገረመው፣ ቦስተን የምግብ አሰራር ትምህርት ቤት ትመራ የነበረች ፋኒ ፋርመር የምትባል ሴት በ1896 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ "ካፕም ማንኪያም ጠርዙ ላይ ተላጭቶ ይለካ" እያለች አስተማረች። ከዚያ በፊት ብዙው አሰራር "እንቁላል የሚያህል ቅቤ" እያለ የሚጻፍ ነበር፣ የእኛ እናቶች አነጋገር ማለት ነው።

ለብዙዎቻችሁ የሚያስፈልገውን እዚሁ ላስቀምጥ፤ ሁሉም ለ240 ሚሊ ሊትሩ ካፕ ነው። በማንኪያ የተሞላ የስንዴ ዱቄት ከ120 እስከ 125 ግራም። ስኳር 200። የፓውደር ስኳር ከ115 እስከ 120። ካካዎ 85 ገደማ፣ በጣም ቀላል ነው። ያልበሰለ ሩዝ ከ185 እስከ 200። ምስር ክክ 190 አካባቢ፣ የጤፍ ፍሬም እዚያው ነው። ዘይት 220 ገደማ። ወተት 245። ቅቤ 227። ማር 340፣ አዎ፣ 340። የጤፍ ዱቄትና ሽሮ አልጻፍኩም፣ እንደ ወፍጮውና እንደ ወንፊቱ ይለያያሉ፤ የራሳችሁን አንድ ጊዜ መዝናችሁ ዕቃው ክዳን ላይ ጻፉት።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነኝ። ለልጄ ክርስትና ጠጅ ጣልኩ። አባቴ "አንድ እጅ ማር፣ ሶስት እጅ ውሃ" ይል ነበር። እዚህ ማር የሚሸጠው በ500 ግራም ብልቃጥ ነው። ስድስት ብልቃጥ ገዛሁ፣ 3 ኪሎ ሆነ፣ 9 ሊትር ውሃ ጨመርኩ። ጠጁ ቀጥኖ ውሃ ውሃ አለ። ጌሾው ነው ወይስ የፈረንጅ ማር ጠጅ አይሆንም?

መልስ፦ የፈረንጅ ማር ምንም አላጠፋም ወንድሜ፣ ጌሾውም እንዲሁ። አባትህ የነገሩህ ስፍር ነው። አንድ ጣሳ ማር፣ በዚያው ጣሳ ሶስት ጊዜ ውሃ። አንተ ማሩን መዘንከው፣ ውሃውን ሰፈርከው። ማር ከውሃ ይከብዳል፣ አንድ ሊትር ማር 1 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ ነው። የአንተን 3 ኪሎ ጣሳ ውስጥ ብትገለብጠው 2 ሊትር ከትንሽ ብቻ ነው የሚሆነው፣ 2.1 እንበል። በሶስት ሲባዛ 6.3 ሊትር ውሃ ነበር የሚበቃው። 9 ሊትር ስትጨምር አንድ እጅ ማር ከአራት እጅ በላይ ውሃ ሆነ። ብርዙ ገና ሲበረዝ ቀጥኗል፣ ጌሾ ምን ያድርግ?

በሚዛን መስራት ከፈለግክ አባትህ ያሉት እንዲህ ይተረጎማል፦ ለ1 ኪሎ ማር 2 ሊትር ከ100 ውሃ። ያለህ ማር ቢረጋም ግድ የለህም፣ ስኳር መስሎ የጠጠረ ማርም ክብደቱ ያው ነው፣ ይሄኛው የሚዛን ጥቅም ነው። አገር ቤት ስትመጣ ግን ተጠንቀቅ። ገበያ ላይ የምትገዛው ማር ከነሰፈፉ ሊሆን ይችላል፣ ኪሎ ብለህ የከፈልክበት ሁሉ ማር አይደለም፤ አጥልለህ ወለላውን መዝን ወይም የድሮ ሰዎች እንደሚያደርጉት ቀምሰህ አስተካክል። አሁን ያለውን አትድፋው፣ 1 ኪሎ ከ300 ግራም ገደማ ማር ጨምርበትና ትንሽ ቀን ስጠው፣ ይመለሳል። (ለክርስትናው ካልደረሰ ለዓመቱ ይሆናል።)

ጥያቄ፦ አዳማ ነው። ባለ 5 ሊትር ዘይት ገዝቼ ሱቁ ጎን ሚዛን ላይ ባስቀምጠው 5 ኪሎ እንኳን አልሞላም፣ 4.7 አለ። ባለሱቁ ጋ ተጣላሁ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ባለሱቁ። ሂድና ይቅርታ ጠይቀው። ዘይት ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ለምን ይመስልሃል? ስለሚቀል ነው፤ አንድ ሊትሩ 920 ግራም ገደማ ነው። አምስት ሊትር ዘይት 4.6 ኪሎ ይመዝናል፣ የቀረችው የጀሪካኑ ክብደት ናት። እንዲያውም 5 ኪሎ ቢሞላ ነበር መጠርጠር የነበረብህ።

ጥያቄ፦ አሽዶድ ነው የምንኖረው። ለሰንበት ዳቦ ስጋግር በ1 ኪሎ ዱቄት 3 የሻይ ማንኪያ ጨው ነው የማደርገው፣ ሁሌም ጥሩ ነበር። ባለፈው ደቃቁ ጨው አልቆ በሻካራው አደረግኩት፣ ዳቦው አልጫ ሆነ። ጨው ጨው አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ጨውስ ጨው ነው፣ ማንኪያው ነው የተለወጠው። አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ሶስቱ 18 ግራም፤ ለአንድ ኪሎ ዱቄት ከ18 እስከ 20 ግራም ጨው የዳቦ ጋጋሪዎች ሁሉ ልክ ነው። ሻካራ ጨው ግን ማንኪያው ላይ ተደራርቦ ሲቀመጥ ብዙ ክፍተት ይተዋል፣ እንደ ጨው ዓይነቱ አንድ ማንኪያ ወደ 5 ግራም የሚሆን አለ፣ 3 ግራም የማይሞላም አለ። አንቺ ግማሹን ብቻ ጨምረሽ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎቼም ልብ በሉ፣ እዚያ "ኮሸር" የሚባለው ሻካራ ጨው በሁለት ትልልቅ ካምፓኒዎች ይሸጣል፣ የአንዱ ማንኪያ ከሌላው እጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረው።

እርሾም እንዲሁ ነው። ደረቁ እርሾ በሻይ ማንኪያ 3 ግራም ገደማ ነው፣ እርጥቡን በደረቁ ፈንታ ስታደርጊ ደግሞ በሚዛን ሶስት እጥፍ ያዢ። ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ተራ የኩሽና ሚዛን አንድና ሁለት ግራም ላይ አይታመንም። ቆንጠር ቆንጠር እያደረግሽ ስትጨምሪ ጭራሽ ላይሰማም ይችላል። ለቅመማ ቅመም፣ ለቤኪንግ ፓውደርና ለመሳሰሉት ጥቃቅን ነገሮች ማንኪያ ይሻላል። ሚዛን ወዳጅ ነኝ ማለት የማንኪያ ጠላት ነኝ ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ከሚኒያፖሊስ። አሰራሩ "8 አውንስ ቸኮሌት" አለኝ። መለኪያ ኩባያዬ ላይ 8 አውንስ የሚል መስመር አለ፣ እዚያ ድረስ የቸኮሌት ፍሬ ሞላሁ። ጣዕሙ የለም።

መልስ፦ አውንስ ሁለት ነው፣ ያውም ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት፤ ማን እንዳወጣላቸው እንጃ። አንደኛው ክብደት ነው፣ 28 ግራም ከምናምን። ሌላው የፈሳሽ ነው፣ 30 ሚሊ ሊትር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው። ኩባያሽ ላይ የተሰመረው የፈሳሹ ነው። ለውሃና ለወተት ሁለቱ ስለሚቀራረቡ ሰው አይነቃም፣ ቸኮሌት ላይ ሲደርስ ነው የሚገለጠው፦ አንድ ካፕ የቸኮሌት ፍሬ 170 ግራም ብቻ ነው፣ አሰራሩ የጠየቀሽ ግን 227 ነበር። ደረቅ ነገር በአውንስ ከተጻፈ ሚዛን፣ ፈሳሽ ከሆነ ኩባያ። ቅቤ ላይ ደግሞ አሜሪካኖቹ ለአንቺ አስበውልሻል፣ አንዱ ስቲክ 113 ግራም ነው፣ ግማሽ ካፕ ማለት ነው፣ ወረቀቱም ላይ በሾርባ ማንኪያ ተሰምሮበታል።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ። እኔ ሽሮና ምስር የምገዛው ከገበያ በጣሳ ነው። ልጄ "ሱፐርማርኬት በኪሎ ይሻላል፣ ጣሳ ይበላሻል" ትለኛለች። እውነት ነው?

መልስ፦ ሳይመዝኑ እርስዎም እሷም አያውቁም። አንድ ቀን በጣሳ የገዙትን ቤት ወስደው ይመዝኑት። ለምሳሌ አንዱን ጣሳ በ90 ብር ገዝተው 750 ግራም ቢሆን ኪሎው 120 ብር ገባዎ ማለት ነው፤ ከዚያ ከሱፐርማርኬቱ ዋጋ ጋር ያስተያዩት። ግን ምስሩን የመዘኑበትን ለሽሮው አይጠቀሙበት። በዚያው ጣሳ ምስር ሲሰፈር ይከብዳል፣ ሽሮ ሲሰፈር ይቀላል። ሽሮ ላይ ደግሞ አሰፋፈሩ ሁሉ ነገር ነው። ሻጯ ከላይ እየነሰነሰች ስትሞላውና ነቅነቅ አድርጋ ስትሞላው ምን ያህል እንደሚለያይ የዱቄቱን ቁጥሮቼን ከላይ ያንብቡ። ነቅንቂልኝ ማለት ነውር የለውም፣ ደንበኛ ከሆኑ ሳይጠይቁም ትነቀንቃለች፣ ላዩ ላይም ትከምርልዎታለች። ጣሳው ራሱ ታችኛው ወደ ውስጥ የተደፈጠጠ እንዳይሆን ግን ገልበጥ አድርገው ይዩት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ቢባልም እስኪደርስባት መጠበቅ የለብዎትም።

የመጨረሻው ጥያቄ አይደለም፣ ወቀሳ ነው። አንዲት እናት ከጎንደር ልጃቸው ጽፋላቸው እንዲህ ይላሉ፦ "ሃምሳ ዓመት ወጥ ሰርቻለሁ። ሚዛን አላውቅም፣ ማንኪያም አላውቅም። ጨው በእጄ፣ በርበሬ በዓይኔ። የእናንተ ጊዜ ልጆች እጅ ስለሌላችሁ ነው በቁጥር የምታበስሉት።"

መልስ፦ እማማ፣ ልክ ነዎት፣ እጅ የለንም። እጅ የሚመጣው ሃምሳ ዓመት በአንድ ምድጃ፣ በአንድ ድስት፣ ከአንድ ገበያ በተገዛ በርበሬ ሲሰራ ነው፤ እኛ በየሁለት ዓመቱ ቤትም አገርም እንቀይራለን፣ ድስቱም በርበሬውም ይቀየርብናል። አንድ ነገር ግን ልለምንዎት። ልጅዎት ሚዛን ይዛ ትምጣ። ለአንድ ድስት ወጥ የሚያደርጉትን ጨው መዳፍዎ ላይ ያድርጉና ሚዛኑ ላይ ያራግፉት። ከዚያ መልሰው ይድገሙት፣ አምስት ጊዜ፣ ቁጥሩን ሳያዩ። እኔ ባለፈው ሳምንት ሞክሬው 9፣ 14፣ 11፣ 8፣ 13 ግራም ወጣልኝ፣ እጄ ምን ያህል እንደሚዋሽ ያየሁት ያን ቀን ነው። የእርስዎን አምስቱን ቁጥር ልጅዎት ትጻፍልኝ። በሚቀጥለው እትም ከእኔ ጎን አወጣዋለሁ፣ እንደማፍር እያወቅኩ።